እምቢ ያለ መሪ

ኦዴያ በእስራኤል አሽዶድ ከተማ ተወልዳ ያደገች የሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ናት። ሥራዋ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ታማሚዎች በየቤታቸው እየዞሩ ማከም ነው፤ የአንዱን ቁስል ታጥባለች፣ ሌላውን መርፌ ትወጋለች፣ የሦስተኛውን ስኳር ትለካለች። የምትሠራበት የግል ድርጅት ባለፈው ዓመት ስድስት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች አምጥቶ ለነርሶቹ አከፋፍሎ ነበር። ነጫጭ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ የሚያማምሩ መኪኖች። ኦዴያም የደረሳትን ወዳው ነበር።

ነገሩ የመጣው አንድ ማክሰኞ ጧት፣ እናቷን ወይዘሮ አምሳለን ከሮቫ ዛይን ሰፈር ሃኪርያ ወደሚባለው ሰፈር ለዓይን ሐኪም ይዛ ስትሄድ ነው። እናትየው ይህን ቱር፣ የሐኪሙን ቀጠሮ፣ ለማግኘት አራት ወር ጠብቀዋል። ሙቀቱ ገና በጧቱ ይፋጃል። ኦዴያ መኪናውን በፈጣኑ ቻርጅ ሞልታ፣ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ነበር የወጣችው። ኪካሩ፣ ማለትም አደባባዩ ጋ ስትደርስ ቀስ ብላ ገባችና ልትዞር መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘች። መሪው ድንገት ድንጋይ ሆነባት።

«እማዬ፣ አጥብቀሽ ያዥ!»

በሁለት እጇ ታገለችው፤ በትከሻዋም ጭምር። ጣት ያህል እንኳ አልነቃነቅ አላት። መኪናው ዙሩን ትቶ ወደ ቀኝ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሄደ። ፍሬኑን ባላት ኃይል ሁሉ ስትረግጥ የፊቱ ጎማ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከፊታቸው፣ ሦስት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነበር። ሕፃን የታቀፈች ሴት ከወንበሩ ብድግ ብላ፣ አፏን በእጇ ይዛ ታያቸዋለች።

ስክሪኑ ላይ ቀይ የመሪ ምልክት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ኦዴያ መሪውን መልሳ ነካችው። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በአንድ ጣት ዞረ።

ወይዘሮ አምሳለ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «እጅሽ ሲታገል አይቻለሁ» አሉ። «ማንም ቢጠይቅሽ፣ እናቴ አይታለች በይ።»

መኪናው ሙሳኽ ገብቶ፣ ማለትም ድርጅቱ ውል ወዳለው ጋራዥ ተጎትቶ፣ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ኦዴያ ልትወስደው ሄደች። የሙሳኹ ኃላፊ ጊድዖን የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ለደንበኛ ፈገግታ የማይሰስት ሰው ነው።

«ምንም የለውም» አላት። «ኮምፒውተሩን አየነው፣ ንጹሕ ነው። አንድም ስህተት አልመዘገበም። እኛም ነድተን አየነው።»

«ስንት ደቂቃ ነዳችሁት?»

«በቂ ያህል። አየሽ፣ የኤሌክትሪክ መኪና የራሱ ጠባይ አለው። ገና አልለመድሽው ይሆናል። ለነገሩ ስልክ ይዘሽ ነበር?»

«ስምንት ወር ነድቼዋለሁ። ስልኬም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

ጊድዖን ፈገግ እንዳለ አንድ ወረቀት አቀረበላት። «ተሽከርካሪው ጤናማ ነው። የአደጋው ምክንያት የአሽከርካሪ ስህተት ነው» ይላል። ከታች ስሟ ተጽፎ ለፊርማ ባዶ መስመር ተትቷል። ኦዴያ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አልፈርምም።»

«ሳትፈርሚ ቁልፉን ልሰጥሽ አልችልም።»

«እንግዲያው አስቀምጠው። እኔም በዚህ መኪና የማንንም ልጅ ልገጭ አልችልም።»

ገና ከግቢው ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ። የድርጅቱ መናሄሌት፣ አለቃዋ ሓቫ ነበረች።

«ኦዴያ፣ ምንድን ነው የምሰማው? ዛሬ ዘጠኝ ታማሚ ይጠብቅሻል። ባለሙያ ደህና ነው ካለ ደህና ነው። ፈርሚና ወደ ሥራሽ ተመለሽ።»

«ታማሚዎቼን አልተውም። በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰው አታዳርሺም።»

«አዳርሳለሁ» አለችና ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ትወጣለች። የመድኃኒት ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግባ፣ የመርፌ ማስወገጃውን ሣጥን በክንዷ አቅፋ፣ ከሮቫ ዛይን ወደ ሮቫ ሔት፣ ከሮቫ ሔት ወደ ሃኪርያ ከአውቶቡስ አውቶቡስ ትቀያይራለች። አሳንሰር ወደሌለበት አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ዘጠኙንም ታዳርሳለች። ማታ እግሯን ስታወጣ ጫማው ከቆዳዋ የሚላቀቅ አይመስላትም።

የእግራቸውን ቁስል የምታጥብላቸው አባባ ሰጠኝ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ከጎንደር ገጠር ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ላብ አጥምቋት ስትገባ አይተው፦

«ያቺ ነጭ መኪናሽስ የት ደረሰች?» አሏት።

«ጥያት መጣሁ፣ አባባ። መሪዋ እምቢ ይላል። ደህና ናት ብለሽ ፈርሚ ይሉኛል።»

«ደግ አድርገሻል» አሉ። «ልጓም የማይሰማ በቅሎ ላይ እያወቀ የሚቀመጥ ሰው፣ ገደሉ ሲደርስ በማን ያላክካል?»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ ሲሉኝ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩትንም አላውቀው። አንቺ ማንበብ ታውቂያለሽ።»

በዚያ ምሽት ኦዴያ ቁጭ ብላ ማስታወሻ ደብተር ከፈተች። የበሽታን ምልክት ጠይቆ መመዝገብ ሥራዋ ነው፤ መኪናውንም እንደ አንድ ታማሚ ቆጠረችው። መቼ ጀመረው? ከምን በኋላ? ምን ያህል ቆየ? ስታስታውስ፣ ከዚያ ማክሰኞ በፊትም ሁለት ጊዜ ለአፍታ ከብዷት ነበር፤ ያን ጊዜ እጇ የደከመ መስሏት አለፈችው። ሦስቱንም ጎን ለጎን ስትጽፋቸው አንድ ነገር ታያት። ሦስቱም ጊዜ ሙቀት ነበር፣ ሦስቱም ጊዜ መኪናው ከፈጣን ቻርጅ የወጣ ነበር፣ ሦስቱም ጊዜ ቀስ ብላ እየዞረች ነበር። ሙሳኹ ግን መኪናውን ጥላ ሥር አቀዝቅዞ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ሳይነዳው አልቀረም።

ስልክ አንስታ ለሥራ ባልደረባዋ ለሺፍራ ደወለች። ሺፍራ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ እንደሷው ያለ መኪና የምትነዳ አንጋፋ ነርስ ናት። ኦዴያ ነገሩን ነገረቻት።

«እኔኮ» አለች ሺፍራ፣ «ትከሻዬ ያረጀ መስሎኝ ፊዚዮቴራፒ ጀምሬያለሁ!»

ሺፍራ ለሌሎቹ ደወለች። ከቀሩት አራት ነርሶች ሁለቱ ያው ነገር ገጥሟቸዋል። አንዷ ለባሏ ነግራው ስቆባታል፤ ሌላዋ ለማንም አልተናገረችም።

በሳምንቱ የሺሙዓ ደብዳቤ መጣ። ሺሙዓ አንድ ሰው ከሥራ ከመባረሩ በፊት ቀርቦ ቃሉ እንዲሰማ የሚጠራበት ስብሰባ ነው። «የድርጅቱን ንብረት ለመጠቀም ፈቃደኛ ባለመሆንሽ» ይላል። ኦዴያ ለእናቷ በአማርኛ አነበበችላቸው።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ ወይዘሮ አምሳለ።

«እማዬ፣ እዚያ የሚገባው የተጠራ ሰው ነው።»

«መኪናው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያልጠሩኝ ረስተው ይሆናል።»

ኦዴያ እናቷን አየቻቸው። ሃያ ዓመት የትምህርት ቤት ወለል ያጠቡ፣ ሚስራድ፣ ቢሮ፣ በገቡ ቁጥር ጸሐፊዋ ምንም ብትላቸው «በሴደር፣ በሴደር»፣ እሺ እሺ፣ ብለው የሚወጡ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ከልጃቸው ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ።

ሓቫ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተቀምጣለች። ከጎኗ ጊድዖን ወረቀቱን ይዞ አለ። ወይዘሮ አምሳለን ስታይ ሓቫ በትሕትና፣ «ይቅርታ፣ እናት ለልጇ ትመሰክራለች፤ ይህ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። ውጭ ቢጠብቁን» አለች።

ኦዴያ ተረጎመችላቸው። እናትየው አልተነሡም። በአማርኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ኦዴያም ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው።

«ለልጄ ብዬ ብመጣ ኖሮ፣ ፈርሚና እንጀራሽን ብዪ እላት ነበር። የመጣሁት ማቆሚያው ላይ ሕፃን ታቅፋ ለነበረችው ሴት ነው። ስሟን አላውቅም። እናንተም አታውቋትም። ዛሬ በሕይወት ያለችው ልጄ ፍሬኑን ስለረገጠች ነው። አሁን ቃሌን ጻፉ።»

ሓቫ ብዕሯን አነሣች፤ መልሳም አስቀመጠችው። ኦዴያ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጊድዖን፣ መኪናው ደህና ነው ብለሃል። እኔ በምነዳው ዓይነት ንዳው። ፈጣን ቻርጅ አድርገው፣ ማቀዝቀዣውን ክፈት፣ ቀስ እያልክ ዙር። መንገድ ላይ ሳይሆን፣ ሰው በሌለበት ቦታ። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ምንም ካልሆነ እፈርማለሁ፤ ሥራዬንም በራሴ እለቃለሁ።»

«ኦዴያ!» አለች ሓቫ።

«ዛሬውኑ» አለች ኦዴያ።

ጊድዖን ሳቀና ተነሣ። «እሺ። ይህን ነገር ዛሬ እንገላገለው።»

ከባሕሩ ዳርቻ አጠገብ ያለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ በሥራ ቀን ባዶ ነው። ሓቫና ወይዘሮ አምሳለ አጥሩ ሥር ጥላ ውስጥ ቆሙ። ጊድዖን መኪናውን በፈጣኑ ቻርጅ ሞልቶ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ኦዴያን አጠገቡ አስቀምጦ መዞር ጀመረ። አምስት ደቂቃ፣ ምንም የለም። አሥር ደቂቃ፣ ምንም። በአንድ እጁ ያዞራል፤ ሌላውን ክንዱን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፏል። ኦዴያ እስካሁን እርግጠኛ ነበረች፤ አሁን ግን «ባይሆንስ?» ብላ አሰበች። ሃያ ደቂቃ ሞላ። ሓቫ ከሩቅ እጇን አወዛወዘች፤ በቃ ማለቷ ነው።

«አየሽ?» አለ ጊድዖን። «በቃ እንመለስ።»

«ሁለት ዙር ጨምር።»

ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና አዞረ። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለቀ። በሁለተኛው ወገብ ላይ ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። ክንዱን ከመስኮቱ ሰብስቦ መሪውን በሁለት እጁ ያዘው። የአንገቱ ሥሮች ተገተሩ። መኪናው መዞሩን ትቶ ጥግ ላይ ወደቆመው አረንጓዴ የቆሻሻ ገንዳ ቀጥ ብሎ ሄደ። ጊድዖን ፍሬኑን ሲረግጥ የፊቱ መከላከያ ገንዳውን ገጭ አድርጎ ቆመ።

ቀዩ ምልክት ብልጭ አለና ጠፋ።

ጊድዖን እጁን ከመሪው ላይ አላነሣም። ፊቱ ነጥቷል።

«ስልክ ይዘህ ነበር?» አለችው ኦዴያ።

«አልያዝኩም» አለ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ መኪናውን ፈታቱት። መሪውን የሚያግዘውን ትንሽ ሞተር ከኤሌክትሪኩ ጋር የሚያገናኘው ሶኬት ሲግል ይላቀቃል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይይዛል። የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተሩ አይመዘግበውም። ከስድስቱ መኪኖች አራቱ ላይ ያው ችግር ተገኘ። ጊድዖን አዲስ ወረቀት ጻፈ፤ «የአሽከርካሪ ስህተት» የሚለውንም በራሱ እጅ ሰረዘው።

ሓቫ ሺሙዓውን ሰረዘች። ኦዴያን ቢሮዋ ጠርታ ግን አንድ ሌላ ወረቀት ገፋ አደረገችላት። ነገሩ ከድርጅቱ ውጭ እንዳይወጣ የሚያስገድድ ነው።

«ሁላችንም የምንፈልገው ሰላም ነው» አለች ሓቫ። «መኪኖቹ ይመለሳሉ፣ አንቺም ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ።»

«እነዚህን መኪኖች የሚነዳ ሰው አሽዶድ ውስጥ ብቻ ነው እንዴ ያለው?» አለች ኦዴያ። «ይህንንም አልፈርምም። ከፈለግሽ ሺሙዓውን መልሺው።»

ሓቫ ግን አልመለሰችውም።

ኦዴያ ሙሉውን ታሪክ ከነቀኑ ጽፋ ለትራንስፖርት ሚኒስቴር ላከች። አቤቱታው ላይ ችግሩ የገጠማቸው አራቱ ነርሶች ፈረሙ። ወይዘሮ አምሳለም በኡልፓን፣ በአዲስ መጤዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ በተማሯት ዕብራይስጥ፣ ፊደል በፊደል፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው ስማቸውን ጻፉ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ራቅ አድርገው አዩትና፣ «አሁን ይበቃል» አሉ።

ሁለት ወር ተኩል ከቆየ በኋላ አስመጪው የዚያ ዓይነት መኪና ያላቸው ሁሉ ሶኬቱን በነፃ እንዲያስቀይሩ ጥሪ አወጣ። ደብዳቤው የኦዴያን ስም አይጠቅስም። ይቅርታ ያላትም የለም። ሓቫ ኮሪደር ላይ ስታገኛት አጭር ሰላምታ ትሰጣታለች፤ ኦዴያም አጭር ትመልሳለች።

ባለፈው ወር የድርጅቱ ሠራተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ቫዓድ፣ የራሳቸውን የሠራተኞች ኮሚቴ፣ ሊመርጡ ተሰባሰቡ። ሺፍራ ወረቀትና ብዕር ይዛ ኦዴያ አጠገብ ተቀመጠች።

«ለሊቀ መንበርነት ማንን ልጻፍ?» አለቻት። «ሁሉም አንቺን ነው የሚሉት። ሓቫ ግን አትወደውም።»

ኦዴያ ሳቀች። «ጻፊኝ» አለች።