ሴቶቹ ተስማምተዋል

1.

«የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ወደ ዘንድሮው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላለመሄድ ተስማምቷል።»

ከስሩ አስራ ስምንት ፊርማ። ሦስተኛው የትርሲት ነው፣ የአምበሏ። የራሷ እጅ።

አልተስማማችም።

2.

ታዲያ እንዴት ፈረመች?

የዛሬ ሳምንት ስብሰባ ተጠሩ። አጀንዳ፦ ማሊያ። ለስላሳ ተከፈተ፣ ብስኩት ዞረ፣ ወረቀት ዞረ። ከላይ ባዶ፣ ከታች ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ። «አቴንዳንስ ነው» ተባለ። ፈረሙ። ቃለ ጉባኤው ባዶው ላይ የተጻፈው ኋላ ነው።

ሞኞች አትበያቸው። አንቺ ስብሰባ ላይ የዞረልሽን ወረቀት መቼ አንብበሽ ታውቂያለሽ?

3.

በአውቶቡሱ የሚሄዱ፦

ወንድ ተጫዋች 22

ደጋፊ 20

ከበሮ 2

ሴት ተጫዋች

4.

ስፖርት ቢሮ። ኃላፊው አቶ ግዛቸው ተቀምጠዋል። ትርሲት ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላት የለም።

አቶ ግዛቸው፦ ፈርማችኋል አይደል?

ትርሲት፦ መገኘታችንን ነው የፈረምነው!

አቶ ግዛቸው፦ እኮ። አልተገኛችሁም?

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች ከወንዶች እኩል...

አቶ ግዛቸው፦ አይ የሕግ ተማሪ! አንቀጹ አውቶቡስ አለው? ለከርሞ ትሄዳላችሁ።

ትርሲት፦ አምናም ለከርሞ ብለውናል። እኔ ሰኔ ላይ እመረቃለሁ። ከርሞ የለኝም።

አቶ ግዛቸው፦ በሩን ዝጊልኝ፣ የኔ ልጅ።

5.

ሥርዓተ ጾታ ቢሮ። ወይዘሮ እልፍነሽ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የፈረሙት አስራ ስምንቱም 'አልተስማማንም' ብለው ይፈርሙ። አንዷ ከጎደለች ቃለ ጉባኤው ይጸናል። የውድድሩ ምዝገባ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

6.

ፊርማ አሰባሰብ፦

ከካፌ ሰልፍ፣ ዘጠኝ። ከላብራቶሪ፣ መምህሩ ፊቱን ሲያዞር፣ ሰባት። የራስሽን ጨምሪ። አንብቡት በይ። አያነቡም። «ኧረ አንብቡት!» ብለሽ ጩኺ።

አያነቡም።

7.

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ። አስራ ሰባት ተገኝቷል። የቀረችው ኩለኒ ናት፤ በረኛዋ፣ የነርሲንግ ተማሪ፣ ዝርዝሩ ላይ መጨረሻ።

«ጋሽ ግዛቸው አስጠርቶኝ ነበር» አለች ኩለኒ። «ከወንዶቹ ጋር ይወስደኛል። ለመጀመሪያ ሕክምና።»

«ቁርጭምጭሚት ልታሺ?»

«ከሁላችን አንዷ እንኳ ትሂድ ብዬ ነዋ፣ ትርስዬ።»

«በረኛ ነሽ አንቺ! በረኛ!»

«ፈርሜ ባይቀበሉሽስ? ያም ይቀርብኛል።»

ትርሲት አምስት ዓመት ሕግ ተምራለች። ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አጣች። ወረቀቱን ዘረጋችላት።

ኩለኒ አነበበችው። ከላይ እስከ ታች፣ ጣቷን እያስኬደች። ከሁሉም ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። እንደገና አነበበችው። እስኪብርቶውን ተቀበለች።

18.

ስም፦ ኩለኒ ቶሎሳ

ፊርማ፦