ላፍቶ ላይ ሳይዘንብ የሞላ ወንዝ

ወጋየሁ ውሻውን ዳማን ወንዝ ዳር፣ ከጎመን መደቡ ጫፍ ካለው ግራር ጋር በሰንሰለት አስሯት የመጣው እንደ ባለፈው እሁድ እንዳታዋርደው ፈርቶ ነው። ያን ዕለት ተከትላው ቀበሌ አዳራሽ ገብታ፣ ሊቀመንበሩ ጓድ በኃይሉ ክንዳቸውን ለመፈክር ሲያነሱ ጮኸችባቸው። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ዛሬ ሲያስራት ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ወንዙም ከቁርጭምጭሚት አያልፍም።

ስብሰባው ሳይጋመስ፣ መስኮት ስር የተቀመጠው ጎረቤቱ ከድር በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«አንተ፣ እስቲ እንጦጦን እየው።»

ወጋየሁ አየ። ተራራው የለም። በቦታው እንደ ከሰል የጠቆረ ደመና ቆሟል።

«ይሄ እየዘነበ አይደለም፣ እየደፋው ነው» አለ ከድር በሹክሹክታ። «ውሻህን የት ተውካት?»

እዚህ ጠብ ሳይል ወንዙ ከላይ ሞልቶ እንደሚመጣ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲለፈልፍ የኖረው ወጋየሁ ራሱ ነው። እጁን አወጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይፈቀድልኝ። ውሻዬ ወንዝ ዳር ታስራለች። ደራሽ ጎርፍ ሊወስዳት ነው።»

«እሷንም አምጥተህ አታወያያትም ነበር!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ተንጫጫ።

«ሰፊው ሕዝብ ስለ እርሻ ዘመቻ እየመከረ፣ አንተ ስለ ውሻ?» አሉ ጓድ በኃይሉ። «ተቀመጥ!»

ተቀመጠ። ከሩቅ ነጎድጓድ ተንከባለለ። ሰንሰለቱ አጭር ነው፤ እሱ ራሱ ነው ያሳጠረው። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘው ጥበቃ ሮበሌ ቆሟል።

«ሮበሌ፣ ወንድሜ፣ ክፈትልኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔን ሊያስበሉኝ ነው?»

ያኔ ከድር አፉን በሁለት እጁ አፍኖ እየተንገዳገደ መጣ። «ሊያስመልሰኝ ነው! ጫማህ ላይ!»

ሮበሌ በሩን በርግዶ ዘሎ ዞር አለ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ወጡና ቁልቁል በረሩ።

ውሃውን ከማየታቸው በፊት ሰሙት። ጎመኑ የለም። ቡናማው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እያላተመ ይወርዳል። ዳማ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ሆና፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ዳር ትጎትታለች። ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል።

ወጋየሁ ገብቶ ግራሩን አቀፈ፤ መንጠቆውን በዳበሳ አገኘው። ሰንሰለቱ ስለተወጠረ አልላቀቅ አለ።

«ወደ እኔ ነይ! ዳማ፣ ነይ!»

ወደ ጥልቁ ማን ይመጣል? ይብሱን ወደ ዳር ጎተተች። ውሃው አገጯን ነካ።

«ግፋልኝ!» ብሎ ጮኸ። «ከድር፣ በአላህ! ወደ እኔ ግፋት!»

ከድር ለአፍታ ቆመ። ውሻ፣ ያውም የራሰ፣ ነክቶ አያውቅም። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ገባ፤ አንገቷን አቅፎ በደረቱ ገፋት። ፊቱን ላሰችው። ሰንሰለቱ ረገበ፣ መንጠቆው ተላቀቀ፣ ሦስቱም እየተንፏቀቁ ዳር ወጡ።

ዳማ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያም ራሷን አራግፋ ሁለቱንም ረጨቻቸው።

ከድር እጆቹን ከራሱ አርቆ፣ የሰው እጅ እንደያዘ ሰው፣ ያያቸዋል። «በእኛ ሃይማኖት ውሻ የላሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱን በአፈር። ያመጣህብኝን አየህ?»

«ይቅር በለኝ፣ ከድር።»

«ይቅርታውን ተወውና አፈር አምጣልኝ። ጭቃ እንዳታመጣ ብቻ!»

ከላይ የሮበሌ ፊሽካ ጮኸ። እየጠሯቸው ነው። ወጋየሁ ዞር ብሎም አላየ፤ ዳገቱ ላይ ተንበርክኮ፣ ዳማ አጠገቡ እያነፈነፈች፣ ውሃ ያልነካው አፈር በእፍኙ ያፍስ ነበር።