ለእንግዳ «አይባልም» አይባልም

ጽዮን ዙሪክ ላይ፣ ጉባኤው መሀል ተቀምጣ ደሟ ፈላ። ስንት ዓመት የለፋችበትን የዶክትሬት ጥናት ፕሮፌሰሯ በሰው ፊት አፈር ድሜ አበሉት።

ጥናቷ ስለ ሃንጋሪኛ ነው። ሃንጋሪዎች ተሳቢ የማያሻውን ግስ ይወስዱና «አንድ» የሚል ቃል እንደ ተሳቢ ይለጥፉበታል። ዋኝተው ሲወጡ «አንድን ዋኘሁ»፣ ተናፍሰው ሲመለሱ «አንድን ተራመድኩ» እንደማለት ነው። አማርኛ ግን «የልቤን ሳቅ ሳቅሁ» ይላል እንጂ «አንድን ሳቅሁ» አይልም። የጽዮን ዋና ምዕራፍ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ግን ፈገግ እያሉ ስክሪኑ ላይ «አንድን ሳቅሁ»፣ «አንድን ተኛሁ» የሚል ጉድ ደረደሩ።

«በአማርኛ አፏን የፈታች ሴት ሁሉም ይባላል ብላኛለች። ልዩነት የለም፤ ምዕራፉ ይውጣ» አሉ።

ከግርጌው «የሻረግ፣ ኦኔ» ይላል። ጄኔቭ አጠገብ ኦኔ የምትኖረው የገዛ እናቷ!

ፕሮፌሰሩ የጠየቁት አንድ ከሰዓት፣ አንዲት ሴት፣ አለቀ! ይህንንም አማርኛ ብለው ሊያስተምሯት! ወደ ጄኔቭ የሚመለሰው ባቡር ላይ ገና ሳትቀመጥ ደወለች።

«እማዬ፣ ‹አንድን ሳቅሁ› ይባላል?»

«ኧረ ምን ዓይነት አነጋገር ነው እሱ!»

«ታዲያ ለፕሮፌሰሩ ለምን ይባላል አልሻቸው?»

«እንዴ! ያንቺ አስተማሪ፣ ከዙሪክ ድረስ ለፍተው መጥተው፣ እቤቴ ተቀምጠው በአማርኛ ሲኮላተፉ፣ ‹አይባልም፣ አይባልም› እያልኩ ላሳፍራቸው? ነውር አይደለም?»

«ምዕራፌን አስጣልሽብኝ እኮ!» ጽዮን ጮኸች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሰውዬ ከጋዜጣቸው ቀና አሉ፤ እሷ እቴ፣ ግድም አልሰጣት። «ይሉኝታሽ ገደል ከተተኝ! ሰው የሚያውቀውን ሲጠይቁት እውነቱን አይናገርም?»

እናቷም ተቆጣች። «ለእንግዳ እውነቱ እንዲህ በፊቱ ይነገራል? እስቲ ያቺ ቨርሷ ከተማ ያለችው፣ ለጥናትሽ የምትጠይቂያት ሃንጋሪ ሴትዮ፣ ሁልጊዜ ኬክ የምትጋግርልሽ፣ አንድ ቀን ‹አይባልም› ብላሽ ታውቃለች?»

ማዳም ኢሎና ጽዮን ዓይን ላይ ድቅን አሉ፤ ኬኩን እየቆረሱ፣ ጽዮን ራሷ የፈጠረቻቸውን የሃንጋሪኛ ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ እየሰሙ፣ ለሁሉም ራሳቸውን በፈገግታ በአዎንታ እየነቀነቁ።

«ሃሎ? ጽዮን? ተቆረጠ እንዴ?»

አልተቆረጠም። ጽዮን ከማዳም ኢሎና አፍ የወጣ አንድ «አይባልም» እየፈለገች ነበር።