ከየዓመቱ አንድ

ባሏ ሞሪስ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ሔሪየት ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃች። አልጋዋን አነጠፈች፤ ውሃ ጣደች፤ ጋዜጣውን ከደጃፍ አንስታ ሳትከፍተው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ግማሽ ዕንቁላል በላች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የባሏ እህት በርኒስ ዳቦና በጢስ የታጠነ ዓሣ ተሸክማ ገባች፤ በአይሁድ የሐዘን ልማድ የሳሎኑን መስታወት የሸፈነው አንሶላ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ አይታ አስተካከለችው።

"ሌሊቱን ተኝተሻል?"

"ተኝቻለሁ።"

"ትዋሻለሽ። በይ ቦታሽን ያዢ፤ ሰው መምጣቱ ነው።"

ሔሪየት ሐዘንተኛ ሰባቱን ቀን በሚቀመጥባት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቶች መጡ። ሞሪስ ሠላሳ ዓመት ከሠራበት ፋርማሲ ሁለት ሴቶች መጡ፤ እንባቸውን እየጠረጉ ኬክ በሉ። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ያቺ ሴት መጣች።

ትላንትም መጥታ ነበር። ስድሳ ዓመት ይሆናታል፤ ረጅም ናት፤ አረንጓዴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። አልተናገረችም። ሐዘንተኛው ካልጀመረ እንግዳ ወሬ አይጀምርም፤ የዚህ ቤት ሰዎች ሕግ ነው፤ አይሁድ ባትሆንም አንድ ሰው ሳይነግራት አልቀረም። ሔሪየት ትላንት አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲሁ አስቀምጣታለች። ዛሬም ልታናግራት አላሰበችም። ሕጉ ለእሷ ያደላ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ይህች ሴት ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ "ደህና ሁን፣ ሞሪ" ስትል ሰምታለች። ሔሪየት ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠራችው ሞሪስ ብላ ነው።

ወጥ ቤት ስትገባ በርኒስ ተከተለቻት።

"የካርዱ ሴትዮ ናት፤ ዶሎሬስ ካዝማሬክ። እሑድ እሑድ ካርድ ገበያው ላይ ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነበር አሉ።"

"ማን አለ?"

"እሷው ራሷ። ውጭ ያዝኳትና ጠየቅኳት። እኔ እንደ አንቺ አፌን አልሰፋሁም።"

"በወጣትነቷ ቆንጆ የነበረች ትመስላለች?"

በርኒስ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ኧረ በናትሽ! ወንድሜ ካርድ ከሚያኖርበት የጫማ ሣጥን ጋር ነው የወሸመው ቢሉኝ አምናለሁ። ቅናት ነው እንዴ?"

"ዓሣውን ክደኚው፤ ይደርቃል።"

እሑድን ሔሪየት አስታወሰች። ሞሪስ ከቁርስ በኋላ የጫማ ሣጥኑን በብብቱ ይዞ የቤዝቦል ተጫዋቾች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች ወደሚሸጡባቸው አዳራሾች ይሄዳል፤ ማታ የተጠበሰ ሽንኩርትና የሰው ሲጋራ እየሸተተ ይመለሳል። እሷ የባዮሎጂ ተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነው። "ምን አገኘህ?" ትለዋለች። "የ1955 ነው።" "ጥሩ ነው።" ቀና አትልም። አንድ ጊዜ፣ ከተጋቡ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት፣ "ዛሬ አብረሽኝ ነይ" ብሏት ነበር። ሠላሳ ስድስት ፈተና አለብኝ አለችው። ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ወደ ሳሎን ስትመለስ ሌላው እንግዳ ሁሉ ሄዷል። ሴትዮዋ አለች። ዝምታው አሁን ከሴትዮዋ ይልቅ ሔሪየትን ከበዳት።

"ምን ፈልገው ነው?"

ዶሎሬስ ትንፋሿን ለቀቀች። "አይፈረድብዎትም። እኛ ሰብሳቢዎቹ አንድ ልማድ አለችን። ከመካከላችን ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከስብስቡ አንድ ካርድ ለወዳጁ ይሰጣል። የትኛውን እንደሚሰጥ ቤተሰቡ ነው የሚመርጠው። እኛ አንመርጥም። ተራም ቢሆን ግድ የለም።"

"ምን ያደርግልዎታል?"

"የሄዱትን አንድ ላይ አኖራቸዋለሁ። ከየሰው አንድ። እስካሁን አሥራ አንድ ናቸው።"

ሔሪየት የሞሪስ ካርዶች የተደረደሩበትን አልበም አመጣች። ሐሳቧ ሞሪስ ምንም ያልተሰማውን፣ ከእሱ አንዳች የሌለበትን ካርድ መርጣ መስጠት ነበር። ግን የትኛው ነው? አታውቅም። ይህን የምታውቅ ይህች ሴት ብቻ ናት።

"ስለ ካርዶቹ ይንገሩኝ" አለች።

ዶሎሬስ ወንበሯን አስጠጋች። "ሌላው ሰው የዓመቱን ስብስብ ካልጨረሰ እንቅልፍ የለውም። ሞሪ ግን ከየዓመቱ አንድ፣ በቃ። እሱም ከዝነኞቹ አይደለም። ይኼን አዩት? 1952። በዕድሜው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው የተጫወተው። ይኼኛውን ፍለጋ በዚያ በረዶ ኢሪ ከተማ ድረስ ነዳ፤ መንገዱን ሙሉ እየዘፈነ..."

"ሞሪስ አይዘፍንም።"

ዶሎሬስ አየቻት። "እንግዲህ... ትንሽ ያንጎራጉር ነበር።"

ሔሪየት ገጹን ገለጠች። "እሱስ?"

"1974? ይኼ ከእኔ ነው።" ሴትዮዋ ፈገግ አለች። "የተዋወቅን ዕለት። 'ከዘንድሮዎቹ የቱ ይሻለኛል?' አለኝ። ይኼን ጆሮ ትልቁን ሰጠሁትና 'አንተን ይመስላል፤ ውሰደው' አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ።"

የሞሪስ ጆሮ በእርግጥ ትልቅ ነበር። ሔሪየት በዚያ ጆሮ ላይ ቀልዳ አታውቅም፤ የሚያስከፋው ይመስላት ነበር።

ጣቷ ወደ 1967 ሄደ፤ የተጋቡበት ዓመት ነው። ከፀሐዩ የተነሣ ዓይኑን ያጠበበ አንድ የማይታወቅ ተጫዋች። ካርዱ መሐል ለመሐል ታጥፎ ነጭ ስንጥቅ አውጥቷል።

"ያን እኔም አላውቀውም" አለች ዶሎሬስ። "የተበላሸ ነው፤ ማንም አይነካውም። ንጹሑን ሦስት ጊዜ አምጥቼለት እንቢ አለኝ። 'ለምን?' ብለው 'የ1967 ይኼ ነው' አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እርስዎ ያውቁ ይሆን?"

መሪ በሚባለው ጎዳና የነበረው የመጀመሪያ ቤታቸው። የሚንገዳገደው ጠረጴዛ። በፈተና ወረቀቶቿ ላይ ቀለም ሲደፋባት ተናዳ ከሞሪስ ጽሕፈት ጠረጴዛ ያገኘችውን ጠንካራ ወረቀት አንስታ ለሁለት አጠፈችና ከጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቀችው። ሞሪስ ማታ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ብሎ እራቱን በላ። ቤት እስኪቀይሩ ሁለት ዓመት እዚያው ተወው።

"አላውቅም" አለች ሔሪየት።

እሷ ያጠፈችውን ካርድ ሞሪስ እስከ ሞቱ ማኖሩ ይበቃት ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያ ላይ አልበሙን ትዘጋና ማንኛውንም ካርድ ትሰጥ ነበር። እሷ ግን የዚህችን ሴት ስጦታ ከሞሪስ ካርዶች መሐል ልታወጣ ወደ 1974 ተመልሳ ጆሮ ትልቁን ከአልበሙ ኪስ ሳበችው።

"ይኼን ይውሰዱ።"

ዶሎሬስ ካርዱን አየችው። "የእኔን... መልሰው ለእኔ? ይኼን ያህል ልብ አለዎት?" ካርዱን በሁለት እጇ ተቀበለች። "ሞሪ ስለ እርስዎ ይል የነበረው እውነቱን ነው።"

ምን ይል ነበር? ጥያቄው አፏ ላይ መጣ። ሔሪየት ዋጠችው፤ ሞሪስ ስለ እሷ ያለውን ከዚህች ሴት አፍ አትሰማም። እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ሴትዮዋ ስታቅፋት ቆማ ታቀፈች።

ተመልሳ ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጣቷን ባዶው የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ እስከ መጨረሻው ገባ።

ሞሪስ ከ1948 እስከ 1999 አንድም ዓመት ሳይዘል ሰብስቦ ነበር። አሁን 1974 የለም።