ደንበኞቹን የነጠቀው እሽግ

ጌንዞ ዕድሜውን የፈጀው በሃማማትሱ ከተማ ጊዮዛ ሲሠራ ነው። ሥጋና ጥቅል ጎመን በስስ ሊጥ ይጠቀልልና ጥሬውን ይሸጣል፤ የሰፈሩ ሴቶች ቤታቸው ወስደው ይጠብሱታል። በኋላ ግን ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ሱፐርማርኬቱ ፍሪዘር ዞሩ፤ በረዶ የሠራ እሽግ ጊዮዛ እየገዙ እሱን ተዉት። ባለፈው ክረምት ሱቁን ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነው ከረመ። ለመሆኑ ያ እሽግ ከእኔ ይጣፍጣል? ከጣፈጠ ዕድሜዬን በከንቱ ጨረስኩ ማለት ነው ብሎ ፈራ። ፈርቶም አልቀረ፣ ዛሬ ገዝቶ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አለች ሚስቱ ኪኑዮ፣ ሳቋ አምልጧት።

«ልቅመሰው ብዬ ነዋ! ምን ያስቅሻል?»

መጥበሻውን አጋለና ዘይት ጠብ አድርጎ ጊዮዛውን ደረደረ፤ ውሃም ቸለሰበት። ሊጡ ላሽቆ ገንፎ ሆነ።

«ይኸው! ለዚህ ነው እኔን የተዉኝ?»

ኪኑዮ እሽጉን ገልብጣ አነበበች። «ዘይትም ውሃም አያስፈልግም ይላል። ከነበረዶው ደርድሮ መክደን ብቻ።»

«ያለ ውሃ? ያላግጣሉ እንዴ?»

የተረፈውን እንደተባለው ደርድሮ ከደነው። ጊዮዛው ቸስ ቸስ ማለት ሲጀምር አላስችል ብሎት ክዳኑን ሊያነሳ ቃጣ፤ ኪኑዮ እጁን መታ አደረገችው።

«ተው ብያለሁ! ና ቁጭ በል።»

ፊት ለፊት ተቀመጡ። የጎረቤት ድመት ጫማ መደርደሪያ ውስጥ መውለዷን ነገረችው፤ እሱም ስንት ወለደች፣ መልካቸውስ ምን ይመስላል እያለ ጠየቃት። ጊዮዛው ሳህን ላይ ሲገለበጥ ዙሪያው ዳንቴል የመሰለ ስስ ቅርፊት አውጥቷል።

ጌንዞ አንዱን ነክሶ ቀስ ብሎ አላመጠ። «ይጣፍጣል። ከእኔ ግን አይበልጥም። ሙች፣ አይበልጥም! ታዲያ ለምን ተዉኝ?»

ኪኑዮ አፏን እያቃጠላት፣ እፍ እፍ እያለች ትበላለች። ጌንዞ እጁን ከሳህኑ መልሶ ያያት ጀመር።

«ትኩስ ጊዮዛ ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም።»

«በልቼ አላውቅማ። አንተ ስትበላ ቀጣዩን ዙር እየጠበሰ፣ ውሃው እስኪመጥ ምድጃው ሥር የሚቆመው ማን ነበር?»

ጌንዞ አፈረ። ጊዮዛውን ገዝተው የሚሄዱት ሴቶች ሁሉ ፊታቸው መጣበት።

«እነሱም መቆሙ ሰልችቷቸው ነው የሄዱት?»

«ለዚህ ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሱቁ ሳይዘጋ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለችና አንዱን ደግሞ አነሳች።