ቢጫ ሻሽ ያሰረችው ሴት

አውሮፕላኑ ውስጥ ዳኛዋ ወንበሯ ላይ በጉልበቷ ቆማ፣ ከኋላችን የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ትመረምር ነበር። «ዳኛዋ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቴ ናት። ልጅቷ አፏን ከፈታች ጀምሮ በሰው ላይ መፍረድ ትወዳለች፤ ማን እጁን ሳይታጠብ እንደበላ፣ ማን በር ሳይዘጋ እንደወጣ። ፍርዷ ይግባኝ የለውም።

«እማ፣ ሰውዬው ጫማውን አውልቋል።»

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ። ይሸታል።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እናቷን ቁርጥ» አሉ እኔን እያዩ። አላረምኳቸውም።

እናቷ አይደለሁም። የወለደቻት ታናሽ እህቴ ናት። ልጅቷ ገና ዳዴ ሳትጀምር እህቴ ለሥራ ውጭ አገር ሄደች፤ እኔና እናታችን አሳደግናት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ያደገችው የስፌት መኪናዬ ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ነው። «እማ» የምትለው እኔን ነው። እህቴን «የስልኳ እማዬ» ትላታለች። ስልክ ሲደወል ሮጣ ትመጣለች፣ መስታወቱን ትስማለች፣ ከዚያ ወደ ጨዋታዋ።

እህቴ በስልኩ የምትታየን ሁልጊዜ አንድ ቢጫ ሻሽ አስራ ነበር። ስትሄድ ከእናታችን ራስ ላይ ፈትታ የወሰደችው ነው።

ልጇን የምትወስድበት ፈቃድ ሲደርሳት እናታችን በሕይወት አልነበረችም። እህቴ ለቀብሩም አልመጣችም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይዋ ገና ስላላለቀ፣ አንዴ ከወጣች መመለሻ አልነበራትም። በስልክ አብረን አለቀስን። በስልክ ማልቀስ ይከብዳል፤ አንዷ ትንፋሽ ሲያጥራት ሌላዋ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላታል። ከዚያ ወዲህ እህቴ የምትደውለው በድምፅ ብቻ ሆነ፤ ፊቷን አናይም።

የኔ ድርሻ ልጅቷን ማድረስ፣ አንድ ሳምንት መሰንበትና ብቻዬን መመለስ ነበር። የሰጡኝ ቪዛ ከዚያ አያሳልፍም።

ከመነሳታችን በፊት ቤት ውስጥ ተለማምደናል። ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ ራሴ ላይ አስሬ ጓዳው በር ላይ እቆማለሁ፤ እሷ ከአልጋው ጫፍ ተነስታ እየሮጠች ትመጣለች።

«በሩ ሲከፈት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ታያለሽ። ሮጠሽ ታቅፊያታለሽ። ምን ትያታለሽ?»

«እማዬ።»

«ጎበዝ።»

«እንደገና» ትለኛለች። እንደገና እቆማለሁ። ወገቤ እስኪቆረጥ አስሮጠችኝ፣ የምትሮጠው እሷ ሆና ሳለ።

የአውሮፕላን ማረፊያው በር ተከፈተ። ከአጥሩ ወዲያ ተቀባዩ ተሰልፏል። ዳኛዋ እጄን ለቀቀችና ሮጠች። ሻንጣዎቹን እየጎተትኩ ከኋላ ሳያት፣ እንዳስተማርኳት ነበር የምትሮጠው፤ ደስ አለኝ። በአጥሩ ሥር ሾልካ የአንዲት ሴት ጉልበት ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ» አለቻት።

ሴትዮዋ ቢጫ ሻሽ አስራለች። አበባ ይዛለች። የኔ እህት አይደለችም።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት የልጅቷን ራስ ትዳብሳለች። ዙሪያው ያለው ሰው ይስቃል። ሁለት ሰው አልፎ፣ ሰማያዊ የሥራ ጋዋን የለበሰች፣ ፀጉሯን በላስቲክ ያሰረች ቀጭን ሴት እጆቿን እንደዘረጋች ቀርታለች።

«ሻሹስ?» አልኳት። ከስንት ዓመት በኋላ ለእህቴ ፊት ለፊት የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

«ከሥራ በቀጥታ መምጣቴ ነው እትዬ። አለቃዬ ልብስ የምቀይርበት ጊዜ እንኳ አልሰጠችኝም።» ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አልነቀለችም። «ደግሞ... ፊቴን ታውቀዋለች ብዬ ነው።»

ዳኛዋን ከሴትዮዋ ጉልበት አላቅቄ አመጣኋት። እህቴን ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ አየቻት።

«ይቺ አይደለችም» አለች። «ይቺ ሻሽ የላትም።»

እህቴ የምትኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቱ ከጎረቤቱ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያጉረመርማል። ጥግ ላይ ለልጅቷ የገዛችው ትንሽ አልጋ አለ። እህቴ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ ይህንንም እንደ ሆቴሉ አንጥፋዋለች፤ አንሶላውን ፍራሹ ሥር ወጥራ ከመክተቷ የተነሳ ሳንቲም ቢጣልበት ይነጥራል።

ዳኛዋ በአንድ በኩል ሞከረች፣ በሌላ በኩል ሞከረች። «አልጋው አያስገባም» ብላ ከኔ ጋር ተኛች።

በማግስቱ እህቴ ልታጥባት ስትል ጮኸች። ስታጎርሳት አፏን ገጠመች። ፀጉርሽን ላበጥርልሽ ስትላት ከቀሚሴ ሥር ገባች። እህቴ ማበጠሪያውን እንደያዘች ቁጭ አለች።

ምሽት ላይ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በጥብቅ የተቋጠረ ፌስታል አወጣች። ቢጫው ሻሽ ውስጡ ነው።

«እማዬ ካረፈች ወዲህ አላሰርኩትም። አላጠብኩትም። ሽታዋ እንዳይሄድ ብዬ።» ፌስታሉን በትንሹ ከፈት አድርጋ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። «አለ አይደል?»

አሸተትኩት። የእህቴ የፀጉር ቅባትና ፌስታሉ ራሱ ይሸታሉ። ሌላ ምንም የለም።

«አለ» አልኳት።

ቶሎ ብላ ቋጠረችው።

«ልጅቷ የምታውቅሽ በሱ ነው» አልኳት። «እሰሪላት።»

«አንዴ ካሰርኩት አለቀ። ከእናቴ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። አንቺ ቀብረሻታል፣ እኔ ምን አለኝ?»

ፌስታሉን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደሞ አንቺ እያለሽ እኔጋ አትመጣም። ፈቃድ የወሰድኩባቸው ቀኖች እንዲሁ ሊያልቁ ነው። ቀን ቀን ውጪልኝ እትዬ» አለችኝ።

ወጣሁላት።

በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ መግባት ሥራዬ ሆነ። የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ እቀመጣለሁ፤ አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ይከፍትልኛል፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ዘግቶ ይሄዳል። ሲበርደኝ ልብስ የሚታጠብበት ሱቅ እገባና የሰው ልብስ ሲሽከረከር አያለሁ። በኋላ ደግሞ ሰልፍ መሰለፍ ጀመርኩ። ሰልፍ ላይ ሰው ብቸኛ አይመስልም፤ ከፊት ሰው አለ፣ ከኋላም ሰው አለ። ተራዬ ሲቃረብ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ኪሴን ዳብሼ እወጣለሁ፤ ትንሽ ዞሬ ሌላ ሰልፍ እፈልጋለሁ።

አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ነበረ። ሽማግሌው ሰውዬ የሱሪ ጫፍ ሲያጥፍ መስታወቱ ጋ ቆሜ አየሁት። ክሩን ሲያጠብቅ የኔም ጣት ሲያጠብቅ ይታወቀኛል። ቀና ብሎ አየኝና በእጁ «ግቢ» አለኝ። ገብቼ ምን እላለሁ? ሄድኩ።

አመሻሽ ስገባ ዳኛዋ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች። «የት ነበርሽ?»

«ሥራ።»

«የስፌት መኪናሽ እዚህ የለም። ትዋሻለሽ።»

እህቴ ከኋላዋ ቆማ ትሰማለች። ዓይኗ ያበጠ ነው።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ዝናብ ስለጣለ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት። እህቴ ትንሿ አልጋ አጠገብ ተንበርክካለች። ቢጫው ሻሽ ራሷ ላይ ነው። አንሶላው ከፍራሹ ሥር ተመዞ ወጥቷል፤ ዳኛዋ ውስጡ ተጋድማ የሻሹን ጫፍ በእጇ ጠቅልላ ይዛለች። ሻሹ ላይ ወተት ፈሶበታል።

«እማ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ ሰው የተኛ ይመስል። «የስልኳ እማዬ ከስልኩ ወጣች።»

እህቴ ዞራ አላየችኝም። በሩን መለስ አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ፣ ዝናቡ የሚያገኘኝ ይመስል።

በማግስቱ ሻንጣዬን ሳወጣ ሻሹ ታጥቦ ወንበር ላይ ተሰጥቷል።

«አጠብሽው?»

«ወተቱ ይሸታል ብዬ ነው» አለች እህቴ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አልነበረም አይደል? ሽታዋ።»

«ነበረ» አልኩ።

«እትዬ ደግሞ፣ ውሸት አታውቂበትም።» አቀፈችኝ። ብዙ ቆየን።

ዳኛዋ በመካከላችን ተሽሎክልካ ገብታ ቀሚሴን ያዘች። «አንቺ ደሞ ስልኩ ውስጥ ልትገቢ ነው?»

እህቴን አየኋት። ፊቷን አዞረች።

«አዎ» አልኳት። «ተራዬ ነው።»

አሰበችበት። ተቀበለችው። እስከ አሳንሰሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ ቁልፉን ራሷ ተጫነችልኝ።

ቤቴ ስገባ ያ ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ ጓዳው በር ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ሻንጣዬን ሳልፈታ ስልኩ ጠራ። የዳኛዋ ግንባር ብቻ ይታየኛል፤ በጣም አስጠግታዋለች።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«ጨለማ ነው?»

«አይ፣ መብራት አለ።»

«አያት አለች?»

«የለችም። ብቻዬን ነኝ።»

«እሺ» አለች። መስታወቱን ሳመችው። ከሩቅ የእህቴ ድምፅ ጠራት፤ «መጣሁ እማዬ» ብላ ስልኩን አልጋው ላይ ጥላው ሮጠች። የምትዘጋው እሷ ነበረች፣ ረስታዋለች። እኔም አልዘጋሁትም። በስልኩ የእህቴን ቤት ጣሪያ እያየሁ፣ የሚያጉረመርመውን ፍሪጅ እየሰማሁ ተቀመጥኩ።