አምስተኛው ሜትር

«አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት።»

አቶ ወልደ አማኑኤል ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያጋጠሙ ከሟቹ ቤት ማዕዘን ተነሥተው በለቀስተኞቹ ጉልበት መካከል አለፉና፣ አጥሩ ሲነቀል ክፍቱን ከቀረው የቋሚ እንጨት ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሙ። ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉ።

«ወልዴ፣ ሱቅህ መሰለህ እንዴ?» አሏቸው የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለመስቀል ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ። «ጨርቅ እኮ አይደለም፤ ለቅሶ ነው።»

«ጨርቅ በክንድ ነው የሚለካው፣ ዳኛ። ይህ በጫማ ነው።»

ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጉዲቱ ግን አልሳቀችም። አባቷ አቶ ቀጄላ ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ጎረቤታቸው ደግሞ ግቢያቸውን እየለካ ነው።

አቶ ቀጄላ በሞቱ ዕለት የእድሩ ድንኳን በግቢው አልበቃ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ አቶ ወልደ አማኑኤል ማንም ሳይጠይቃቸው ድጅኖ ይዘው ወጡና፣ በሁለቱ ግቢዎች መካከል የቆመውን የቆርቆሮ አጥር ከነቋሚዎቹ ነቅለው አጋደሙት። ድንኳኑ በሁለቱም ይዞታ ላይ ተዘረጋ። ለቀስተኛው «ጎረቤት ማለት ይህ ነው!» ብሎ መረቃቸው፤ ጉዲቱም እያለቀሰች ጉልበታቸው ላይ ወድቃ ነበር። ዛሬ ያ ምስጋና በአፏ ውስጥ ይመርራት ጀመር። የሰውየው ልጅ ሉሲ ደግሞ ጎንበስ ብላ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች።

«አየሽልኝ?» አላት ጉዲቱን ታናሽ ወንድሟ ለሊሳ በጆሮዋ። «በወረዳው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አላነበብሽም? በመጪው ወር ይዞታ መዝጋቢዎቹ ሰፈራችን ይገባሉ። ጎረቤትና ጎረቤት ድንበሩን አሳይቶ ይፈርማል፤ በዚያው ተመዘገበ ማለት ነው።»

«እና?»

«እናማ ሰውዬው በለቅሶ አሳብቦ አጥር ነቀለ! ሲመልሰው አንድ ሜትር ወደኛ ገፍቶ ይተክለዋል። ከዚያ ያንቺ በር የት ሊከፈት ነው?»

«ቀስ በል፤ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ድንኳኑ እንደተነሣ ብሎኬት አስደረድራለሁ።»

ጉዲቱ ወደ በሯ ተመለከተች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ትዳሯ ፈርሶ አንድ ሻንጣ ይዛ በመጣች ጊዜ፣ አባቷ ከመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ጋር አያይዘው የሠሩላት ክፍል ናት። በክፍሏና በአጥሩ መካከል ያለው መተላለፊያ አንድ ሜትር ብቻ ነው። ያ ሜትር ከተወሰደ መግቢያ የላትም።

ሌላም ነገር ትዝ አላት። አባቷ አቶ ወልደ አማኑኤልን በክብር ይቀበሏቸው ነበር፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለአጥሩ ሰጥተው እንዲቀመጡ ወንበሩን ራሳቸው ያዞሩ ነበር። ሰውየው ፊታቸውን ወደ አጥሩ መልሰው የተቀመጡበትን ቀን አታስታውስም። በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ከቅርጫው ትልቁን መደብ ይልኩላቸው ነበር። ታዲያ አባቷ ይህን ሰው ይፈሩት ኖሯል? ዓይኑን ከአጥሩ የሚከለክሉት ምን አውቀውበት ነው?

አቶ ቀጄላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው የኖሩ፣ ሕግን እንደ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸውን ከእራት በኋላ አስቀምጠው በከዘራቸው ምድሩን እየመቱ ይጠይቋቸው ነበር።

«መሬቱ የማን ነው?»

«የመንግሥትና የሕዝብ!»

«የእኛስ?»

«ይዞታው፣ ቤቱም!»

«ድንበሩን ማን ይናገራል? አጥሩ ነው?»

«ካርታው ነው፣ አባባ!»

«ጎሽ። አጥር ምስክር አይሆንም። አጥር የቆመው ሰው ባቆመበት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ለቀስተኛ ሳይመጣ ጉዲቱ የአባቷን ሣጥን ከፈተች። ሙግት ቢነሣ በእጇ ማስረጃ ሊኖር ይገባል። ካርታው በአባቷ ስም ነው፤ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሳያወጡ ወደ እሷና ወደ ለሊሳ ስም እንደማይዞር ታውቃለች፤ ቢሆንም ወረቀቱ እውነቱን ለመናገር ስም አይመርጥም። ከዋናው ቤት ማዕዘን እስከ ድንበሩ ያለውን ልክ በጣቷ ተከተለችው። አራት ሜትር ይላል።

የብረት ሜትሩን ዘርግታ እስከ ጉድጓዱ ለካች። አምስት።

ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደገመች። አምስት። ሦስተኛ ጊዜ በሌላኛው ጉድጓድ በኩል ሞከረች። አምስት።

ጎረቤታቸው አልገፉም፤ የተገፉት እሳቸው ናቸው። ክፍሏ አራቱን ሜትር ሞልታለች፤ በሯ የሚከፈተው በአምስተኛው ላይ ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ክፍሏ በተሠራችበት ክረምት አቶ ወልደ አማኑኤል ሚስታቸውን ሊቀብሩ አገራቸው ወርደው ወር ያህል ቆይተው ነበር። አባቷ «ቋሚዎቹ በስብሰዋል፤ ይለወጡ» አሉ። ራሳቸው ቆፈሩ። ምስማር ታቀብላቸው፣ ግንዱንም ደግፋ ትይዝላቸው የነበረችው እሷው ናት። «ቀጥ አድርገሽ ያዢው» ይሏት ነበር፤ ቀና ብለው ግን አያዩዋትም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አጥፈው ጫኑ። አቶ ወልደ አማኑኤል ቋሚዎቹን ተሸክመው መጡ። ለሊሳ እጆቹን አጣምሮ በጉዲቱ በር ላይ ቆሟል።

«ቦታውን ያውቁታል አይደል፣ ጋሼ?» አላቸው ጥርሱን ነክሶ።

«እንዳልስተው ብዬማ ነው የለካሁት። ይህ ሁሉ እግር ሲረግጠው ጉድጓዱ ይደፈናል ብዬ ፈራሁ፤ ሉሲም ፎቶ አነሣችልኝ። እንደነበረ እመልሰዋለሁ።» የመጀመሪያውን ቋሚ አንሥተው በአሮጌው ጉድጓድ ውስጥ፣ በአምስተኛው ሜትር ላይ፣ ቀጥ አድርገው አቆሙት።

ለሊሳ ፊቱ ተለዋወጠ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ ዓይኑን ሰብሮ።

«ቦታው ያ አይደለም» አለች ጉዲቱ።

ሽማግሌው በእጇ የያዘችውን ካርታና ሜትር አዩ።

«ተይው፣ ልጄ።»

«ያውቁ ነበር?»

«ጨርቅ ሻጭ እኮ ነኝ። ከአገሬ በተመለስኩ ማግሥት አወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ራሱ ይነግረኛል ብዬ ነዋ። በየበዓሉ ሥጋ ሲልክልኝ፣ ‹ዛሬስ ይነግረኛል› እል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁት።» ቋሚውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አጥሩንም የነቀልኩት ቀጄላ በጠባብ ድንኳን አይለቀስለትም ብዬ ነው። አሁን መዝጋቢዎቹ ባለበት ይለኩት፤ እኔ እፈርማለሁ።»

ጉዲቱ ቋሚውን ከእጃቸው ተቀበለች። ከጉድጓዱ አውጥታ ወደ ቤቷ አንድ ሜትር ለካችና ጫፉን ከበሯ ደፍ ፊት አሳረፈችው።

«ጉዲ! በርሽስ?» አለ ለሊሳ።

«በአባባ መኝታ ቤት በኩል አስከፍታለሁ።»

አቶ ወልደ አማኑኤል ፊቷን አዩ። ድጅኗቸውን አንሥተው ባሳየቻቸው ቦታ ላይ መቆፈር ጀመሩ።

በቀብሩ ዕለት ሴቶቹ ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ወደ መቃብሩ አፋፍ አላስጠጓትም ነበር። አሁን ጉዲቱ አባቷ ቆፍረውት ባዶ በቀረው ጉድጓድ አጠገብ ተንበረከከች። ለሊሳ አካፋ ሊያቀብላት እጁን ዘረጋ፤ አልተቀበለችውም። አፈሩን በእጇ ዘግና መለሰችበት። ደግማ ዘገነች። ማንም ክንዷን አልያዛትም።